ሳትጣሉ ተፈራረሙ

ልጄ፣ የብሎካችሁ ሰዎች ሰብሳቢ አድርገው እንደመረጡሽ ሰማሁ። ሰው አምኖ ሲሾም ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የተሰጠሽ ኃላፊነት ቀላል አይደለምና ሳትጀምሪው የምነግርሽ አለኝ። ያላችሁበት ሕንፃ በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ፣ ከአንድ ሮቶ የሚቀዳ፣ በአንድ ቱቦ የሚያፈስ ሰው የተሰበሰበበት ነው። ይህን ሰው ያገናኘው ግን ዝምድና ወይም አጥቢያ ሳይሆን ዕጣ ነው። ከዚያም አንዱ ሸጦ ሲወጣ፣ ሌላው ገዝቶ ሲገባ፣ ሌላው አከራይቶ ሲሄድ፣ የሚተዋወቀው እያነሰ ሄዷል። እዚህ ቡይት ራስ እኔ ከጎረቤቴ ጋር ብጣላ ሁለታችንም የምናከብረው ሽማግሌ አለ፤ ባንጠራውም ይመጣል። በእናንተ ጠብ መካከል ማን እንደሚገባ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ገና ሳትጣሉ፣ ብትጣሉ ማን እንደሚዳኛችሁ ተስማሙና በፊርማችሁ እሰሩት። የቀረው ሁሉ ይህ እንዴት እንደሚደረግ ነው።

የኮንዶሚኒየም ጠብ ምን እንደሚመስል ላንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ቢሆንም አንዱን ልውሰድ፤ የሌሎቹም ሥር በእሱ ውስጥ ስለሚታይ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰው መታጠቢያ ቤት ውሃ ያሰርጋል። የሁለተኛው ፎቅ ጣሪያ ይረጥባል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ታች ያለችው «ጠግንልኝ» ትላለች። ላይ ያለው «ከእኔ ቤት አይደለም፤ ከዋናው ቱቦ ነው፤ ኮሚቴው ይጠግን» ይላል። ኮሚቴው ግድግዳ አስፈርሶ የሚያሠራበት ገንዘብ የለውም፤ ላዋጣ ቢል ደግሞ ምድር ቤት ያለው ባለ ሱቅ «የፎቅ ፍሳሽ እኔን ምን አገባኝ» ይላል። እዚህ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተቆላልፈዋል። ውሃው የሚመጣው ከየት ነው? ቱቦው ያለበት ቦታ የግል ነው ወይስ የጋራ? ወጪውስ የማን ነው? የመጀመሪያውን የሚመልሰው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ሕጉና መተዳደሪያ ደንባችሁ ይመልሷቸዋል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሰምቶ ቁርጡን የሚናገር ሰው ግን ስለሌለ ነገሩ ይከርማል። ታች ያለችው ሰላምታ ታቆማለች፤ ላይ ያለው ወርኃዊ መዋጮ ያቆማል፤ የጥበቃው ደመወዝ ይጎድላል፤ ጎረቤቱም ለሁለት ተከፍሎ ይኮራረፋል። የተዘጋ በረንዳ፣ ኮሪደር ላይ የተቀመጠ ዕቃ፣ እኩለ ሌሊት ያለፈ ዘፈን፣ የውሃ መግፊያው ሞተር መዋጮ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት።

ፍርድ ቤት አለ አይደለም ወይ ትይኝ ይሆናል። አለ፤ ማንም በሩን ሊዘጋብሽ አይችልም። ግን ለአንድ ጣሪያ ጥገና ክስ ማጻፍ፣ የዳኝነት መክፈል፣ መጥሪያ ማድረስ፣ መልስ መጠበቅ፣ ምስክር ማሰማት፣ ባለሙያ ማስመርመር፣ ከዚያም ይግባኝ ሲባል ጣሪያው ፍርዱን ሳይጠብቅ ይወድቃል። እኔ በማኅበራዊ ፍርድ ቤት ለዓመታት ስቀመጥ ያየሁት፣ ሰው ወደ ዳኛ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ነገሩ ካመረቀዘ በኋላ መሆኑን ነው። ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ውሃው መሆኑ ቀርቷል፤ ስለ ክብር ሆኗል። ስለ ክብር ለሚከራከር ሰው ደግሞ የትኛውም ፍርድ አይጥመውም። በዚያ ላይ አሸናፊና ተሸናፊ ማታ በአንድ ደረጃ ነው የሚገቡት።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 37 ላይ ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የመዳኘት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። ከእነዚህ ሌሎች መንገዶች አንዱ ተከራካሪዎች ራሳቸው የመረጡት ዳኛ ነው። ሕጉ የግልግል ዳኝነት ይለዋል። አሠራሩን የሚገዛው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። ከእሱ በፊት ጉዳዩ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነበር። ስለ ሕንፃችሁ አስተዳደር የሚናገረው ደግሞ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ግንባታው የተጀመረው ይህ አዋጅ በወጣ ማግሥት ነው፤ ሕጉ ሕንፃውን ቀድሞ ተገኝቷል ማለት ነው። አዋጁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር፣ ማኅበሩም የጋራ የሆነውን እንዲያስተዳድርና መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ያደርጋል። ሁለቱን አዋጆች አግኚና ጎን ለጎን አንብቢያቸው። የሕግ ቋንቋ ቢከብድሽም እየደጋገምሽ አንብቢ፤ ሰብሳቢ ሆነሽ ሳታነቢ ከቀረሽ ያነበበ ሰው ይጫወትብሻል።

አሁን ከእኛ አገር የማውቀውን ልንገርሽ። እንደምታውቂው ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር የሚወስደው መንገድ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። የስሜንን ተራሮች ለማየት ለሚመጣው እንግዳ ጓዙን የሚጭኑት የአካባቢው ሰው በቅሎና ፈረሶች ናቸው፤ የሚሄዱትም በተራ ነው። ተራው የእኔ ነው፣ አይ የእኔ ነው የሚለው ጠብ የሚነሣው ጠዋት፣ ጭነቱ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እንግዳው ቆሞ እየጠበቀ ነው። ያን ሰዓት ቀጠሮ መስጠት የለም፤ ሽማግሌ ፍለጋ መንደር መውጣትም የለም። እኔ ባየሁት፣ ወቅቱ ሳይከፈት ሁሉም በተሰበሰበበት «የተራ ነገር ቢነሣ እከሌና እከሌ የቆረጡትን እንቀበላለን» ብለው ቃል የተቀባበሉ ሰዎች ጠቡን እዚያው ቆመው ይጨርሱታል። የተፈረደበት ሰው ደስ አይለውም፤ ግን በቅሎውን ይዞ ይመለሳል። የሚመለሰው ፍርዱ ስለጣመው አይደለም። ማን እንደሚያሸንፍ ማንም በማያውቅበት ቀን፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ሰዎቹን ራሱ ስለተቀበላቸው ነው። ሳይስማሙ በከፈቱት ወቅት ግን እነዚያው ሽማግሌዎች ያንኑ ፍርድ ቢሰጡ «ማን ሾማችሁ?» ይባላሉ። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ ፍርዱም አልተለወጠም። የጎደለው አስቀድሞ የተሰጠው ቃል ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ሁለት ተሟጋቾች መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚውን አስቁመው ዳኝተህ እለፍ የሚሉበት፣ ነጠላቸውን ቋጥረው አብረው የሚቀርቡበት፣ ዋስ ጠርተው የሚሟገቱበት ዘመን ነበር። የመንገድ ዳኛው ሹመት አልነበረውም፤ ሥልጣኑን ያገኘው ከሁለቱ ፈቃድ ነበር። ዋሱ ደግሞ ተሟጋቹ በቃሉ እንዲገኝ ያደርግ ነበር። ዛሬ የዋሱን ቦታ የያዘው ፊርማ ነው፤ ከፊርማው በስተጀርባም አፈጻጸም ፍርድ ቤት አለ። ስለዚህ ይህ ነገር ከውጭ የመጣብን እንግዳ አይደለም። ውጭም ቢሆን አንድ ሕንፃ የሚጋራ ሰው ጠቡ ከእኛ የተለየ አይደለም። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ኦንታርዮ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. የጋራ ሕንፃ ነዋሪዎችን ክርክር የሚያይ ራሱን የቻለ የዳኝነት አካል ሥራ አስጀምረዋል። ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቻችን ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ጩኸት የሚካሰሱት እዚያ ነው። እነሱ ያን በሕግ አቁመውታል። እኛ እስኪቆምልን ድረስ በፈቃዳችን ልናቆመው እንችላለን።

ፈቃድ ስል ግን ከልቤ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንቺ ያደግሽበት ሽምግልና ሁለት ነገሮችን አደባልቆ ይዟል። አንደኛው ዕርቅ ነው፤ ሽማግሌው ይለምናል፣ ያግባባል፣ ሁለቱም እሺ ካላሉ ነገሩ አያልቅም። ሁለተኛው ግልግል ነው፤ የተመረጠው ሰው ሁለቱንም ሰምቶ ይቆርጣል፣ የተቆረጠውም አንዱ ባይወደው እንኳን ይፈጸማል። በእኛ ዘንድ ዕርቅ ተብሎ ተጀምሮ ግልግል ሆኖ የሚያልቅ ብዙ ነው። ሽማግሌዎች እግር ላይ ይወድቃሉ፣ ካህኑ መስቀል ይዞ ይቆማል፣ ዘመድ ያለቅሳል፤ እምቢ ያለ ሰው ከሰው ተራ ይወጣል። ደም የተቃባ ወገን ሲታረቅ ይህ ግፊት የስንት ወጣት ነፍስ እንዳተረፈ አይቻለሁና አልነቅፈውም። ደም ካልደረቀ ሌላ ደም ይፈሳልና። ለመዋጮና ለቱቦ ግን ይህን ኃይል አታምጪው። በተለይ ሴት ልጅ፣ ድሃ፣ አዲስ ገቢ የሆነ ሰው፣ በሽማግሌ ተከብቦ «እሺ በይ፣ እሺ በል» ሲባል የሚሰጠው እሺታ ፈቃድ አይባልም። አንቺ ስታቋቁሚው መጀመሪያ ዕርቅ ይሞከር፤ ይህ በለሰለሰ ቃል፣ ያለ ቀነ ገደብ ጭንቀት፣ ግን ሳይንዛዛ ይሁን። ዕርቁ ካልሆነ ነገሩ ወደ ገላጋዩ ይሂድ። ያስታረቀው ሰው ግን ገላጋይ አይሁን። በዕርቁ ላይ አንዲት ሴት «ልክ ነሽ፣ ትንሽ አጥፍቻለሁ» ብትል ያን ቃሏን የሰማ ሰው ነገ ዳኛ ሆኖ ሊይዝባት አይገባም።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ተስማሚዎቹም ይፈርሙበት። በስብሰባ እጅ አስወጥተሽ በድምፅ ብልጫ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አስገብተሽ ሁሉን አስሬያለሁ ብለሽ እንዳትተኚ። የጽዳት ሰዓትና የመዋጮ መጠን በብልጫ ሊወሰን ይችላል፤ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለውን መብት ለመረጠው ዳኛ ሲያስተላልፍ ግን የራሱ ፊርማ ያስፈልጋል። ደንቡ ውስጥ አንቀጹን አስገቢ፤ ከጎኑ ደግሞ ለእያንዳንዱ ባለቤት የተለየ የስምምነት ገጽ አዘጋጂ። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ለማንበብ የሚቸገር ካለ ከልጁ ወይም ከሚያምነው ሰው ጋር ሆኖ ይነበብለት፤ ወስዶ እንዲያስብበትም ጊዜ ይሰጠው። በስብሰባ መጨረሻ ሰው ለመውጣት ሲጣደፍ ወረቀት አታዙሪ።

ባለቤቱ ውጭ አገር የሆነ ቤት ብዙ አላችሁ። ወኪሉ መጥቶ «ውክልና አለኝ» ብሎ ቢፈርም ውክልናውን አንብቢው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ወኪል ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር በግልግል ለመዳኘት መስማማት እንደማይችል ይደነግጋል። የቤት ኪራይ ለመሰብሰብና መብራትና ውሃ ለመክፈል የተሰጠ ጠቅላላ ውክልና ለዚህ አይበቃም። ይህ ነገር ተዘንግቶ ዳኝነቱ ካለቀ በኋላ ሲነሣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናልና ቀድመሽ ባለቤቱን በስልክ አግኚው፤ በውክልናው ላይ ይህ ሥልጣን በግልጽ እንዲጻፍ አድርጊ።

ተከራዩንም አትርሺው። እሱ የማኅበሩ አባል አይደለም፤ ሌሊት ጩኸት የሚያሰማውም፣ ጩኸት የሚረብሸውም ግን እሱ ሊሆን ይችላል። አከራዮቹን ለምኚና በኪራይ ውላቸው ላይ ስለ ግልግሉ አንድ አንቀጽ እንዲጨምሩ፣ ተከራዩም እንዲፈርም አድርጊ።

ምን ምን ጉዳይ ወደ ገላጋይ እንደሚሄድ በስም ዘርዝሩ። የጋራ ወጪ፣ ጥገናና የጉዳት ካሳ፣ ድምፅ፣ የጋራ ቦታ አጠቃቀም፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የኮሚቴው ሒሳብ ምርመራ። የማይሄደውንም እወቂ። አዋጅ 1237 በግልግል አይታዩም ካላቸው መካከል የወንጀል ጉዳይ፣ የፍቺና የውርስ ጉዳይ፣ የግብር ጉዳይ፣ እንዲሁም ሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳይ አሉበት። የግቢያችሁ አጥር ወደ ጎረቤት ይዞታ ገብቷል ከተባለ ያ የእናንተ ገላጋይ ሥራ አይደለም። እኛ ገጠር ያለን ሰዎች ይህ መጀመሪያ ይገርመናል፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 በይዞታ ክርክር ላይ ባለጉዳዮቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች መዳኘትን ይፈቅድ ነበርና። የከተማው ነገር ግን ሌላ ነው፤ በገጠር ልማድ አትሂጂበት። ወንጀሉን በተመለከተ ደግሞ አጥብቄ እነግርሻለሁ። ጎረቤት ጎረቤቱን ቢደበድብ፣ ባል ሚስቱን ቢመታ፣ ሕፃን ቢደፈር፣ «የግቢያችን ገበና ነው» ብለሽ ገላጋይ ዘንድ አትውሰጂው። ፖሊስ ጥሪ። ስንት በደል በሽምግልና ስም ተሸፍኖ እንደቀረ ስለማውቅ ነው ይህን የምልሽ።

ዳኛውን ማን ይምረጠው? እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። አንቺ ራስሽ ዳኛ እንዳትሆኚ፤ የኮሚቴ አባልም አይሁን። «ሰብሳቢያችን ጨዋ ናት፣ እሷው ትዳኘን» ይሉሻል፤ ሲያሞግሱሽ አትታለዪ። ከጠቡ ግማሹ በነዋሪውና በኮሚቴው መካከል ነው፤ መዋጮ ያልከፈለውን የሚከሰው ኮሚቴው ነው፤ ሒሳብ አላወራረደም ተብሎ የሚከሰሰውም ኮሚቴው ነው። ባለጉዳይ ሆኖ መዳኘት በየትም አገር አልተፈቀደም። የ1952ቱ ሕግም ገና ያኔ በገላጋይ አመራረጥ አንዱን ወገን የሚያስበልጥ ስምምነት አይጸናም ብሎ ነበር። ኮሚቴው ዳኞቹን ይመርጣል የሚል ደንብ ጽፈሽ ኮሚቴውን ራሱን ባለጉዳይ የምታደርጊ ከሆነ ሥራሽን በገዛ እጅሽ አፈረስሽው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከሌላ ሳይት፣ ከጀሞም ሆነ ከሰሚት ወይም ከየካ አባዶ፣ የእናንተን ሕንፃ የማያውቁ፣ ከማንም ጋር የገንዘብም የዝምድናም ነገር የሌላቸው ጥቂት ሰዎችን ስም አስቀድሜ በስብሰባ አጸድቃለሁ። ከመካከላቸው አንድ የሕግ ትምህርት ያለው፣ አንድ የግንባታ ሥራ የሚያውቅ ይኖርበታል። ሴቶች ይኖሩበታል፤ ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ሸንጎ ለግማሹ ነዋሪ ጆሮ የለውም። ጠብ ሲነሣ ለትንሹ ጉዳይ ሁለቱ ባለጉዳዮች ከስም ዝርዝሩ አንድ ሰው ብቻ ይመርጣሉ፤ ካልተስማሙ በዕጣ ይወጣል። ለትልቁ ጉዳይ እያንዳንዱ አንድ አንድ ይመርጥና ሁለቱ ገላጋዮች ሦስተኛውን ይመርጣሉ። ቁጥሩን ካልተስማማችሁበት ሕጉ ሦስት ያደርገዋል፤ ለአንድ የተላጠ ጣሪያ ሦስት ሰው ማስቀመጥ ግን ከጥገናው ይልቅ ገላጋዩ ያስወጣል። የዳኞቹ ድካም ይከፈል። ነፃ የሚሠራ ሰው ቀጠሮ ይረሳል፤ አንዱ ወገን ብቻ ምሳ የጋበዘው ሰው ደግሞ ይታማል። አነስተኛ ክፍያ ወስናችሁ ሁለቱም እኩል አስቀድመው ያስይዙ፤ በመጨረሻ ማን እንደሚሸፍነው ፍርዱ ላይ ይወሰን። አቅም የሌለው ሰው ካለ ማኅበሩ ይሸፍንለት፤ በገንዘብ እጦት ብቻ ፍርድ የሚያጣ ሰው በሕንፃችሁ እንዳይኖር።

ችሎቱም ከዛፍ ሥር ወግ ይለይ። አቤቱታው በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ለሌላው ወገን ይድረሰው፤ መልስ ይስጥ። ገላጋዩ ቦታውን በዓይኑ ይየው፤ የቧንቧ ሠራተኛው ሁለቱ ባለጉዳዮች ባሉበት ይመርምር። አንዱ በሌለበት ከሌላው ጋር በስልክም ቢሆን ስለ ጉዳዩ አያውራ። ሁለቱም እኩል ይሰሙ። ፍርዱ ከነምክንያቱ ይጻፍ፣ ቀን ይኑረው፣ ይፈረምበት፣ ለሁለቱም ቅጂ ይሰጥ። ከምክንያቱ ላይ አጥብቄ የምለው፣ ሰው ቢሸነፍ እንኳን ለምን እንደተሸነፈ ካነበበ ቁጣው ስለሚበርድ ነው። ቀጥሎ ለሚመጣ ተመሳሳይ ጠብም መነሻ ይሆናል፤ «ዋናው ቱቦ የጋራ ነው፣ ከግድግዳው ወዲህ ያለው ቅጥያ የባለቤቱ ነው» ተብሎ አንዴ ከተጻፈ ሁለተኛው ሰው ሳይከስ ይጠግናል።

ይህ ፍርድ ምን ያህል እንደሚያስር ለሁሉም ከመፈረማቸው በፊት ንገሪያቸው። ይግባኝ እንዲኖር አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁ በቀር ይግባኝ የለም። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ላለበት ፍርድ ለሰበር ማመልከት ይቻላል፤ አዋጁ ይህንንም በስምምነት መተው እንደሚቻል ይናገራል። እኔ ግን የሰበሩን በር አትዝጉ እላለሁ፤ ተዘግቶ የምታተርፉት ጥቂት ነው፣ የተበደለ ሰው ግን የሚያጣው ብዙ ነው። ባለጉዳዩ ሳይሰማ የተፈረደ ወይም ገላጋዩ ከተሰጠው ሥልጣን ያለፈበት ከሆነም ፍርድ ቤት እንዲሽረው መጠየቅ ይቻላል። የተፈረደበት አልፈጽምም ካለ ደግሞ አሸናፊው ፍርዱን ይዞ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ እንደ ማንኛውም ፍርድ ያስፈጽማል። እናንተ ራሳችሁ አስፈጻሚ አትሁኑ። ውሃ መዝጋት፣ በር ላይ ሰንሰለት መምታት፣ ስሙን በደረጃው ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ጥበቃው ዕቃውን እንዳያስገባለት ማዘዝ የለም። መዋጮ ያልከፈለ ሰው ልጆች አሉት፤ ልጆቹ ውሃ ይጠጣሉ።

አንድ የፈረመ ሰው ቃሉን አጥፎ በቀጥታ ፍርድ ቤት ቢከስስ ምን ይደረጋል? ተከሳሹ መልሱን ሲያቀርብ ገና ከመጀመሪያው «ይህ ጉዳይ በግልግል እንዲያልቅ ተስማምተናል» ብሎ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያንሣ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 ይህን ይፈቅዳል። ዝም ብሎ ወደ ክርክሩ ከገባ በኋላ ቢያነሣው ግን ዘግይቷል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ አስማሚነት የሚሉትን አሠራር በአዋጅ ቁጥር 1234 አግኝተዋል፤ ዳኛው ራሱ ባለጉዳዮቹን ወደ አስማሚ ሊልካቸው ይችላል። እዚያ ብትደርሱ እንኳን የመስማማት ዕድል አልተዘጋም።

በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ከስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወጥተው ደባርቅ ሲሰፍሩ ብዙ አሰብኩ። በተራራው ሜዳ ላይ ተራርቆ የኖረ ሰው ከተማ ሲገባ ጭሱም፣ ፍሳሹም፣ የልጅ ለቅሶውም ከጎረቤቱ ጋር የጋራ ይሆናል፤ የቀድሞው ዳኝነትም ለአዲሱ ኑሮ እንዳለ አይበቃም። እናንተ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ተጠጋግታችሁ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርባችሁ ነው የምትኖሩት። ለዚህ ኑሮ ዳኝነቱን ራሳችሁ ካልሠራችሁት ከየትም አይመጣላችሁም። ባንቺ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ይህን ይጀምሩታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ አንቺ መሆንሽ ደግሞ ያኮራኛል።

የመጨረሻው አልፈርምም የሚለው ሰው ነው። ይኖራል፤ አንድም አሥርም ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ኮሚቴውን አያምንም፣ አንዳንዱ ከዚህ ቀደም በሽማግሌ የተጎዳ ነው፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ወረቀት ይፈራል። ምክንያቱን ጠይቂው፤ ካልነገረሽ ተዪው። ጎረቤት እንዲያግባባው አትላኪ፤ ስሙን በስብሰባ አታንሺ። ከፈረመው ጎረቤቱ ጋር ቢጣላ ያኔ ለዚያ ጉዳይ ብቻ ልስማማ ሊል ይችላል፤ ካለ ወረቀቱን አዘጋጂለት። ካላለ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው፤ ኮሚቴውን ቢከስስም መጥሪያውን በአክብሮት ተቀበዪ፣ በቀጠሮው ቀን በሰዓቱ ተገኚ፣ ሒሳባችሁንም ሳትደብቂ አቅርቢ። በዚያ ሳምንት የሮቶው ውሃ ለእሱም ቤት እንደ ሌላው እኩል መድረሱን ግን ራስሽ ሄደሽ አረጋግጪ።